ዒላማውን ለይቶ የሚመታ መድኃኒትና የመሐንዲሱ ድርሻ

በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር። የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ መድኃኒት መናገር የሐኪሙና የፋርማሲ ባለሙያው ተግባር ሆኖ ሳለ፣ አንድ መሐንዲስ በዚህ መድረክ ላይ ቆሞ ስለ ካንሰር መድኃኒት ማተቱ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሳይመስል አይቀርም። ይሁን እንጂ በሕክምና መሣሪያ ሥራ ምክንያት በየሆስፒታሉ የሚዘዋወር መሐንዲስ አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ይኸውም ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ገደማ የተገኙት ምርጥ የካንሰር መድኃኒቶች ከቀድሞዎቹ ይልቅ የመሣሪያን፣ የኤሌክትሪክን፣ የማቀዝቀዣንና የመዝገብን ድጋፍ አብዝተው የሚሹ መሆናቸው ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ዒላማ አላቸው። ዒላማው መኖሩ ሳይረጋገጥ ቢሰጡ ገንዘብ ከማባከንና ሕመምተኛን ከማጉላላት በቀር የሚያስገኙት ጥቅም የለም።

ለዛሬው ንግግሬ እንደ ምሳሌ የመረጥሁት ፎሊኩላር ሊምፎማ የተባለውን፣ ታክሞ የጠፋ ከመሰለ በኋላ ከዓመታት በኋላ እንደገና የሚያገረሽ የዕጢዎች ካንሰር ነው። ይህን የመረጥሁበትም ምክንያት የሚያገረሽ በሽታ ከመድኃኒቱ ይልቅ የተቋሙን ጽናት የሚፈትን በመሆኑ ነው።

ስሙና በሽታው

ከስሙ እንነሣ። በቋንቋችን ነቀርሳ የሚለው ቃል ለሁለት ፈጽሞ ለማይገናኙ በሽታዎች ሲያገለግል ኖሯል። የሳንባ ነቀርሳ ስንል በባክቴሪያ የሚመጣውን ቲቢን ማለታችን ነው። ነቀርሳ ብቻ ስንል ደግሞ ካንሰርን ማለታችን ነው። ይህ የስም መደራረብ በቃል ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ባላስጨነቀን ነበር። በሰው አንገት ላይም ሁለቱ በሽታዎች ተመሳስለው ይታያሉ።

ለምሳሌ ያህል በመርጡለ ማርያም አካባቢ የሚኖር አንድ ገበሬ በአሳባችን እንመልከት። መርጡለ ማርያም በምሥራቅ ጎጃም፣ በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ፣ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና በኩል ወደ ሞጣ ከሚዘልቀው መንገድ ወደ ምሥራቅ ገባ ብላ የምትገኝ፣ በንግሥት እሌኒ ዘመን እንደ ተሠራ በሚነገርለት ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ ፍርስራሽ የታወቀች ከተማ ናት። ገበሬው አንገቱ ላይ እብጠት ቢወጣበት፣ እብጠቱ ስለማያመው ወራት ያሳልፋል። ጠበል ይጠመቃል። እብጠቱ አልሄድ ሲለው በከተማይቱ ወዳለው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይሄዳል። የዕጢ ቲቢ በሀገራችን እጅግ የተለመደ ስለ ሆነ ሐኪሙ አስቀድሞ ቲቢን ቢጠረጥር አያስወቅሰውም። በቀጭን መርፌ የተቀዳው ናሙናም ሕዋሶቹን ብቻ እንጂ በዕጢው ውስጥ የተደረደሩበትን ሁኔታ አያሳይም። ፎሊኩላር ሊምፎማ ግን ስሙን ያገኘው ከዚሁ አደራደር፣ ማለትም ሕዋሶቹ በክብ በክብ ከሚሰበሰቡበት ሁኔታ ነው።

ስለዚህ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ፣ በፎርማሊን ተነክሮ፣ በፓራፊን ሰም ውስጥ ተቀብሮ፣ በጥቂት ማይክሮን ውፍረት ተቆርጦና ቀለም ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ካልታየ በሽታው በትክክል ሊታወቅ አይችልም። እስከዚያ ድረስ ሕመምተኛው ስድስት ወር ሙሉ የቲቢ መድኃኒት ውጦ፣ በሬውን ሸጦ፣ ተስፋውንም ጨርሶ ይሆናል።

የማይዘጋ ቧንቧና የተደፈነ መውረጃ

ለመሐንዲስ በሚገባ ቋንቋ ልናገር። ደማችንንና ዕጢዎቻችንን እንደ ውኃ ማጠራቀሚያ ብንቈጥራቸው፣ በአንድ በኩል አዳዲስ ሕዋሶች ይገባሉ፤ በሌላ በኩል ያረጁት ይሞታሉ። ማጠራቀሚያው በሁለት ምክንያት ሊሞላና ሊፈስ ይችላል። አንዱ የመግቢያው ቧንቧ አልዘጋ ሲል ነው። ሌላው የመውረጃው ቱቦ ሲደፈን ነው።

ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኬሚያ የተባለው የደም ካንሰር የመጀመሪያው ዓይነት ነው። በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በፊላደልፊያ ከተማ በዚህ በሽታ በተያዙ ሰዎች ደም ውስጥ ያልተለመደ ትንሽ ክሮሞሶም አዩ። በ1973 ጃኔት ራውሊ የተባሉ ሐኪም በቺካጎ ይህ የሆነው 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶሞች ቁራጭ በመለዋወጣቸው መሆኑን አሳዩ። ከልውውጡ የሚወለደው ጂን ዘወትር እንደ በራ የሚቀር ማብሪያ ነው። ሕዋሱን ተባዛ፣ ተባዛ እያለ ያዘዋል።

ፎሊኩላር ሊምፎማ ደግሞ የሁለተኛው ዓይነት ነው። በአብዛኞቹ ሕሙማን ላይ የ18ኛው ክሮሞሶም ቁራጭ ወደ 14ኛው ተሻግሮ ይገኛል። በዚህም የተነሣ ሕዋስ እንዳይሞት የሚከለክለው ቢሲኤል2 የተባለው ፕሮቲን ከልክ በላይ ይመረታል። ሕዋሶቹ በፍጥነት አይባዙም፤ ነገር ግን መሞትን እምቢ ይላሉ። በሽታው ዝግተኛ የሆነበትና እየተመላለሰ የሚያገረሽበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የቀድሞው ኬሞቴራፒ በመባዛት ላይ ያለን ሕዋስ ሁሉ፣ አረሙን ከጤፉ ሳይለይ፣ የሚያጠቃ በመሆኑ፣ ቀስ ብሎ የሚኖረውን ይህን ሕዋስ ከሥሩ ነቅሎ ለማጥፋት አልቻለም።

ከግሊቬክ ያገኘነው ትምህርት

ዒላማን ለይቶ የሚመታ የካንሰር መድኃኒት ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። ከላይ የጠቀስሁትን አልጠፋ ያለ ማብሪያ የሚያጠፋው ኢማቲኒብ፣ በንግድ ስሙ ግሊቬክ፣ በግንቦት 2001 በአሜሪካ ተፈቀደ። ከዚያ በፊት በሽታው ከተያዙት ሰዎች ብዙዎቹን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይገድል ነበር። መድኃኒቱን በመጀመሪያው ታላቅ ጥናት ላይ ከወሰዱት ሕሙማን ግን ከዐሥር ዓመት በኋላ ከመቶ 83 ያህሉ በሕይወት ነበሩ።

ዋጋው ለእኛ የሚቀመስ አልነበረም። ሆኖም አምራቹ ኖቫርቲስ፣ በደም ካንሰር ለሞተ አንድ ወጣት መታሰቢያ እንዲሆን በአሜሪካ ከተቋቋመው ማክስ ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ መድኃኒቱን መክፈል ለማይችሉ ሰዎች በነፃ የሚሰጥበትን መርሐ ግብር ዘረጋ። ኢትዮጵያም ተካፋይ ሆነች፤ በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩልም ከየክፍሉ የመጡ ሕሙማን መድኃኒቱን ለማግኘት ቻሉ። ጣፊያው አብጦ ወገቡን ማጠፍ ያቃተው ሰው በቀን አንድ ጊዜ 400 ሚሊግራም እየዋጠ ወደ እርሻው ሊመለስ ቻለ።

ይህ ሥራ የተሳካው ስለ ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ መድኃኒቱ የሚዋጥ እንክብል በመሆኑ ማቀዝቀዣ አላስፈለገውም። ሁለተኛ፣ መርሐ ግብሩ መድኃኒቱን ከመስጠቱ በፊት የዒላማውን መኖር የሚያረጋግጥ ማስረጃ ይጠይቅ ነበር። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ሕመምተኛ በመዝገብ ታውቆ በየጊዜው እንዲመለስ ይደረግ ነበር። ከእነዚህ ከሦስቱ መካከል የመድኃኒቱ ጠባይ አንዱ ብቻ ነው። ሁለቱ የአሠራር ጉዳዮች ናቸው።

ስለ ማስረጃው አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ ሆስፒታሎቻችን ለቲቢ ምርመራ የተተከለው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ፣ ለዚሁ የተሠራ ልዩ ካርትሪጅ ሲገባለት፣ የዚህን የደም ካንሰር ጂን መጠን ይለካል። አንዱን መሣሪያ ለሁለት ነቀርሳዎች ማዋል ይቻላል ማለት ነው። መሣሪያው ግን ከአቧራ ካልተጠበቀ፣ ልኬቱ በወቅቱ ካልታረመና ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ የሚደግፈው ባትሪ ከሌለው ለአንዱም አይሆንም።

በሽታው ሲያገረሽ

አሁን ወደ ፎሊኩላር ሊምፎማ ልመለስ። በኅዳር 1997 ሪቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ ሲፈቀድ፣ ለካንሰር ሕክምና ከተፈቀዱት በቤተ ሙከራ ከሚሠሩ ፀረ እንግዳ አካሎች የመጀመሪያው ነበር። የተፈቀደውም በተለይ ላገረሸው ለዚህ ዓይነት ሊምፎማ ነበር። ዒላማው በሊምፎማው ሕዋስ ቆዳ ላይ የሚገኘው ሲዲ20 የተባለው ፕሮቲን ነው። መድኃኒቱ በዚያ ላይ ሲጣበቅ የሰውነታችን ዘበኞች ሕዋሱን ለይተው ያጠፉታል። በመሠረታዊው ጥናት ከታከሙት 166 ሕሙማን መካከል ከመቶ 48ቱ እብጠታቸው ጎደለ ወይም ጠፋ።

ከዚያ ወዲህ አያሌ መድኃኒቶች ተከትለዋል። በ2019 ሌናሊዶማይድ የተባለው እንክብል ከሪቱክሲማብ ጋር እንዲሰጥ ተፈቀደ። በ358 ሕሙማን ላይ በተደረገው ጥናት፣ ግማሾቹ በሽታው ሳይገሰግስባቸው የቆዩበት ጊዜ ሪቱክሲማብን ብቻ ለወሰዱት 14 ወር ያህል ሲሆን፣ ሁለቱን ለወሰዱት ከ39 ወር በላይ ሆነ። በ2021 የሕመምተኛው የራሱ ነጭ የደም ሕዋስ ወጥቶ በቤተ ሙከራ ጂኑ ተለውጦ የሚመለስበት ሕክምና ለዚህ በሽታ ተፈቀደ። በታኅሣሥ 2022 ደግሞ በአንድ ክንዱ የካንሰሩን ሕዋስ፣ በሌላው የሰውነትን ዘበኛ ሕዋስ ይዞ የሚያገናኘው ሞሱኔቱዙማብ ተከተለ።

አዲስ የሆነ ሁሉ ግን መልካም አይደለም። ፒአይ3ኬ የተባለውን የሕዋስ መልእክተኛ የሚያግዱት ኢዴላሊሲብ፣ ኮፓንሊሲብ፣ ዱቬሊሲብና አምብራሊሲብ ከ2014 እስከ 2021 ባለው ጊዜ ውስጥ ላገረሸው ፎሊኩላር ሊምፎማ ተፈቅደው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አምራቾቹ ራሳቸው ከዚህ በሽታ ሕክምና አንድ በአንድ አስወጧቸው። ማረጋገጫው ጥናት ሳይሟላ ቀርቶ፣ አለዚያም ከባድ ኢንፌክሽን፣ የአንጀትና የሳንባ ብግነት እያስከተሉ ጉዳታቸው ከጥቅማቸው እንዳይበልጥ ስለ ተሰጋ ነው። ዘግይቶ የሚገዛ አገር ከሌላው ፈተና ለመማር ቢያንስ ይህን ዕድል ያገኛል።

በሽታው ሲያገረሽ ሐኪሙ አራት ጥያቄዎችን መመለስ አለበት። የተመለሰው ያው የቀድሞው በሽታ ነው ወይስ ወደ ፈጣንና አደገኛ ሊምፎማ ተለውጧል? ሲዲ20 አሁንም በሕዋሱ ላይ አለ ወይስ ከመጀመሪያው ሕክምና በኋላ ጠፍቷል? የመጀመሪያው ሕክምና ከተጀመረ ስንት ጊዜ ሆነው? በ2015 በወጣ ጥናት፣ በመጀመሪያው ኬሞቴራፒና ሪቱክሲማብ ታክመው በሁለት ዓመት ውስጥ ካገረሸባቸው ሰዎች መካከል ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ግማሾቹ ብቻ ሲሆኑ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካላገረሸባቸው ግን ከመቶ 90ዎቹ ነበሩ። አራተኛው ጥያቄ አሁኑኑ መታከም ያስፈልገዋል ወይ የሚለው ነው፤ ምልክት ያላሳየ ሰው እየተጠበቀ መድኃኒት ሳይወስድ ሊቆይ ይችላልና።

ልብ በሉ። ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱም ያለ አሮጌው ናሙናና ያለ አሮጌው መዝገብ አጥጋቢ መልስ አያገኝም። በፓራፊን የተቀበረው የዕጢ ቁራጭ ጣት በማታህል ቦታ ላይ፣ ያለ ማቀዝቀዣ፣ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ይቀመጣል። ከመርጡለ ማርያም የመጣው ገበሬ ከሰባት ዓመት በኋላ ሲመለስ ያች ቁራጭ ከጠፋች፣ ካርዱም ከተቀየረ፣ ሕክምናው ከሀ ይጀምራል። የሚያገረሽን በሽታ ማከም የሚችለው የሚያስታውስ ተቋም ብቻ ነው።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን

ሪቱክሲማብ እንደ ግሊቬክ በኪስ ተይዞ የሚሄድ እንክብል አይደለም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ቢሞቅ ይበላሻል፤ በረዶ ቢሆንም ይበላሻል። መበላሸቱ ደግሞ በዓይን ላይታወቅ ይችላል። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር የሚጫን መድኃኒት ከጎሐ ጽዮን ብርድ ተነሥቶ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ከዚያም ወደ ደጀን ይወጣል። መኪናው በመንገድ ላይ ቢበላሽ፣ ወይም ከ2023 ወዲህ በክልሉ በተነሣው ግጭት እንደ ታየው መንገዱ ቢዘጋ፣ ሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ስንት ሰዓት ይቆያል? ይህን ጥያቄ ሐኪም አይመልሰውም። የእኛ ሥራ ነው።

መድኃኒቱ የሚሰጠው በደም ሥር በጠብታ ነው። መጠኑ ለአንድ ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት 375 ሚሊግራም በመሆኑ 1.6 ካሬ ሜትር ስፋት ላለው ሰው 600 ሚሊግራም ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የደም ግፊት መውረድ ስለሚያጋጥም ኦክሲጅንና የሚሠራ የግፊት መለኪያ አልጋው አጠገብ መገኘት አለባቸው። ከዚህም ሌላ መድኃኒቱ በጉበት ውስጥ ተኝቶ የቆየን የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ሊቀሰቅስ ይችላል። ይህ ቫይረስ በሀገራችን ብዙ ሰው የሚሸከመው ስለ ሆነ፣ ርካሹን የደም ምርመራ ሳያደርጉ ውዱን መድኃኒት መስጠት ሰውን ከካንሰር አውጥቶ በጉበት ሕመም እንደ መግደል ይቈጠራል።

ስለ ዋጋው የሚነሣው ክርክር

አንዳንድ ወንድሞች፣ ወባና የሕፃናት ሞት ባልተወገዱበት አገር ስለ እንዲህ ያለ ሕክምና ማሰብ ቅንጦት ነው ይላሉ። ክርክሩ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ጂኑ የተለወጠ ሕዋስ የሚመለስበት ሕክምና በ2017 ለሌላ ዓይነት ሊምፎማ በአሜሪካ ገበያ ሲወጣ ዋጋው ለአንድ ሰው 373 ሺህ ዶላር ነበር። ይህን እኛ ዛሬ እንግዛ የሚል የለም።

ነገር ግን ዋጋ ባለበት አይቆይም። በ2007 በሕንድ አገር ሪቱክሲማብን የሚመስል መድኃኒት በአነስተኛ ዋጋ ወጣ። በ2013 የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለግሊቬክ የተጠየቀውን የባለቤትነት መብት ሳይቀበለው ቀረ። በ2015 የዓለም ጤና ድርጅት ኢማቲኒብንም ሪቱክሲማብንም በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አገባቸው። ቅንጦት የተባለው ነገር በዐሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ መሠረታዊ ተባለ። የመድኃኒት ዋጋ እኛ ምንም ሳናደርግ እንኳ ሊወርድ ይችላል። የፓቶሎጂ ቤተ ሙከራ፣ የቅዝቃዜ ሰንሰለትና የናሙና ማኅደር ግን እኛ ካልሠራናቸው በራሳቸው አይመጡም። ርካሹ መድኃኒት በደረሰ ጊዜ ዒላማውን የሚያሳይ ቤተ ሙከራ ከሌለን፣ ቀስት ገዝተን ዓይናችንን ጨፍነን እንደ መወርወር ይሆንብናል።

በሌላ ወገን ደግሞ በእርዳታ የሚመጣውን እጅግ ዘመናዊ መሣሪያ ሁሉ ለመቀበል የሚቸኩሉ አሉ። መለዋወጫ የሌለው፣ ጠጋኝ ያልሠለጠነለት መሣሪያ በኮሪደር ላይ ሸራ ለብሶ ከመቆም አያልፍም። በእኔ በኩል ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እላለሁ።

አስቀድሞ በየሆስፒታሉ የሚወጣው የዕጢ ናሙና በትክክለኛው ፎርማሊን፣ በትክክለኛው ዕቃ ተነክሮ፣ ስሙና ቀኑ ተጽፎበት እንዲላክ ማድረግ። ይህ ከጥቂት ብር በላይ አይጠይቅም፤ በመርጡለ ማርያምም፣ በቢቸናም፣ በሞጣም ዛሬውኑ ሊሠራ ይችላል። ቀጥሎ በጎንደር፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ያሉት የፓቶሎጂ ክፍሎች ሕብረ ሕዋስ የሚቆርጡባቸው መሣሪያዎችና ሲዲ20ን በቀለም የሚያሳዩባቸው ዘዴዎች ሳይቋረጡ እንዲሠሩ የጥገና ውል መግባትና ጠጋኝ ማሠልጠን። ሦስተኛ፣ የናሙና ቁራጮች በቁጥር ተለይተው የሚቀመጡበት ደረቅና ቁልፍ ያለው ማኅደር ማበጀት። አራተኛ፣ በመድኃኒት ማጓጓዣ ሣጥኖችና በማቀዝቀዣዎች ውስጥ ሙቀትን ያለማቋረጥ የሚመዘግብ መሣሪያ ማኖር፤ ምዝገባውንም የሚያነብና ኃላፊነት የሚወስድ ሰው በስሙ መመደብ። ከእነዚህ መካከል አንዱም አዲስ የፈጠራ ሥራ አያስፈልገውም።

ክቡራን የማኅበራችን አባሎች፤ መንገድ ስንሠራ የመኪናውን ዓይነት አንመርጥም፤ መንገዱ ከተሠራ ግን ማንኛውም መኪና ያልፍበታል። የምርመራው፣ የቅዝቃዜውና የመዝገቡ ሥራም እንደዚሁ ነው። ነገ የሚመጣው መድኃኒት ስሙ ምንም ይሁን ምን በዚሁ ላይ ማለፉ አይቀርም። የማኅበራችን አባሎች በሚሠሩባቸው ሆስፒታሎች ሁሉ በሚመጣው ዓመት ቢያንስ አንድ የናሙና ማኅደርና አንድ የሙቀት መዝገብ እንዲቋቋም ጉባኤው ይወስን ዘንድ ይህን አሳብ በትሕትና አቀርባለሁ።